ሴቷን ወፍ መለየትና ፎቶ ማንሳት



ወፍ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በቀዩ ወይም በቢጫው ላይ ነው። በብዙ ዝርያዎች ይህ ወንዱ ነው። አጠገቡ ያለችው ቡናማ ሴት ተራ ወፍ ተብላ ትታለፋለች። ይህ ደግሞ ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ በአምስት ትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ ፆታቸው ከታወቀ የወፍ ናሙናዎች ሴቶቹ 40 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ጎልደን ዊንግድ ዋርብለር የተባለችው የአሜሪካ ወፍ ሴቶቿ ቀዝቃዛውን ወቅት የሚያሳልፉት ከወንዶቹ ዝቅ ባለ ስፍራ ነው። ትኩረቱ ወንዶቹ ባሉበት ከፍታ ላይ ነበር፤ የሴቶቹ ደን ደግሞ ይበልጥ ተመነጠረ። ሴቷ የት እንዳለች ካልተመዘገበ ቦታዋን የሚጠብቅላት አይኖርም።

ከብርሃኑ እንጀምር። ቁንዝላ ከጣና በስተምዕራብ ስላለች፣ ጠዋት ወደ ሐይቁ ስንዞር ፀሐይ ፊት ለፊታችን ናት። ካሜራው በውሃው ነጸብራቅ ተታሎ ምስሉን ያጨልመዋል፤ የሴቷ ስስ መስመሮች ይጠፋሉ። ስለዚህ ከፈጅር በኋላ ብርሃን ሲወጣ ለሐይቁ ጀርባችንን ሰጥተን በማሳውና በዛፎቹ ላይ ያሉትን እናንሳ። የውሃ ወፎቹን ከዐስር በኋላ እናቆያቸው። ግድ ከሆነ የስልኩን ስክሪን ወፏ ላይ ነክተን ብርሃኑን እንጨምር። አንድ ፎቶ አይበቃም፤ ደረቷ፣ ጎኗ፣ ጀርባዋና ምንቃሯ ሊታዩ ይገባል።

ቀጥሎ መለያው ነው። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ደንብ የለም፦

1. ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ (ፓይድ ኪንግፊሸር)፦ በአየር ላይ ባለበት ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ዓሣ የሚያደባ፣ ጣና ላይ በብዛት የሚታይ ወፍ ነው። ወንዱ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት አለው፤ ሴቷ አንድ ብቻ፣ እሱም ብዙ ጊዜ መሐሉ የተቋረጠ። ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ከፊት መነሳቱ ግን ግድ ነው።

2. ኤርኩም፦ በሜዳ ላይ የሚራመደው ትልቁ ጥቁር ወፍ። የጎልማሳው ወንድ ጉሮሮ ቀይ ሲኖረው የሴቷ ሰማያዊ ነው።

3. ጎጆ ሠሪዎቹ ቢጫ ወፎች (ዊቨር)፦ የብዙዎቹ ወንዶች ደማቅ ቀለም የመራቢያ ወቅት ልብስ ነው፤ ከዚያ ውጭ ደብዝዘው ሴቷን ይመስላሉ። ስለዚህ ደብዛዛ ሁሉ ሴት አይደለም፤ የተነሳበትን ወር እንመዝግብ።

4. ጃካና፦ በረጃጅም ጣቶቹ በውሃ ላይ ቅጠል የሚራመድ ወፍ ነው። መልካቸው አንድ ነው፤ ሴቷ ትገዝፋለች። እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚጠብቀው ግን ወንዱ ነው! ከጫጩት ጋር ያየነውን ሁሉ እናት ብለን አንጻፍ።

ካልለየን «ፆታው ያልታወቀ» እንበል፤ የተሳሳተ መዝገብ ከባዶው ይብሳል። የለየነውን ከቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጋር ኢበርድ በተባለው የወፍ መዝገብ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ፆታ የሚሞላበት ቦታ አለው።

የመጨረሻው ጉዳይ ጎጆ ነው። የሴቷ ደብዛዛ ቀለም በእንቁላሏ ላይ ስትቀመጥ መሸሸጊያዋ ነው። ደንገሉን ገልጠን ብንጠጋ ትነሳለች፤ እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። በሱነን አቢ ዳውድ እንደተዘገበው፣ ሰሓቦች በጉዞ ላይ የአንዲትን ወፍ ሁለት ጫጩቶች ሲወስዱ እናቲቱ እየተርገበገበች መጣች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ባዩ ጊዜ በልጆቿ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው እንዲመለሱላት አዘዙ። ጎጆ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የበለጠ መመሪያ የለም። ወፏ የጀመረችውን ትታ ከጮኸች ወይም ከተንቆራጠጠች ተጠግተናል ማለት ነውና ወደኋላ እንመለስ። ፍላሽ አንጠቀም፤ የጎጆውንም ቦታ በቴሌግራም አንልቀቅ።

ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። ዳርቻው ግን እየታረሰ፣ ደንገሉም እየታጨደ ነው። የትኛው ደንገል በየትኛው ወር ሳይነካ ቢቆይ እንደሚሻል ለመናገር፣ ሴቷ የት እንደምትውል የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። በዕረፍታችን ወደ ቁንዝላም ሆነ ወደ ሌላ የሐይቁ ዳርቻ የምንሄድ ተማሪዎች ይህን ማስረጃ በስልካችን መሰብሰብ እንችላለን፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።