የልጅ የደም ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?
ለመምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ ትምህርት

በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ፥ ልጁን ለብዙ ቀን ያተኮሰው ወላጅ ከጤና ጣቢያ ሲመለስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይታያል። በወረቀቷ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ ወይ «ፖዘቲቭ» ወይ «ኔጋቲቭ»። ወላጁም ያነብለት ዘንድ ወደ መምህሩ ይሄዳል። ቃሉን ማንበብ ቀላል ነው፤ ትርጉሙን ማወቅ ግን ትምህርት ይጠይቃል። ባለማወቅ አንዱ ያለ ምክንያት ተስፋ ይቈርጣል፤ ሌላው ደግሞ በጽኑ የታመመ ልጁን ይዞ በደስታ ወደ ቤቱ ይገባል። ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው።

ምርመራው የሚፈልገው ምንድን ነው?

በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ወደ ሰውነታችን ሲገቡ የመከላከያ ኀይላችን ለእያንዳንዱ ጠላት የሚስማማ መሣሪያ አዘጋጅቶ በደም ውስጥ ያሠማራል። ይህ መሣሪያ በሕክምና ቋንቋ አንቲቦዲ ይባላል። አንዳንዱ ምርመራ ተሕዋሱን ራሱን ይፈልጋል፤ የወባን ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ ማየት የዚህ ዓይነት ነው። ሌላው ምርመራ ግን የሚፈልገው አንቲቦዲውን ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ እናስረዳ። ገበሬ ጠዋት በበረቱ ደጃፍ የጅብ ዱካ ቢያይ ጅብ እንደ መጣ ያውቃል፤ ነገር ግን ጅቡ አሁንም በአካባቢው መኖሩን ወይም ከሄደ መሰንበቱን ዱካው ብቻውን አይነግረውም። ደግሞም መሬቱ በበጋ ደርቆ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ጅብ አልፎበት ሳለ ዱካ ላይታይ ይችላል። አንቲቦዲም እንደ ዱካ ነው። ሰውነቱ የደከመ ልጅም እንደ ደረቅ መሬት ነው።

ከሊቦ ከምከም የተገኘ ትምህርት

በ1997 ዓ.ም. ከወረታ በስተ ሰሜን በሚገኘው በሊቦ ከምከም ወረዳ ትኩሳትና ክሳት ያለበት በሽታ ብዙ ሰው ጎዳ። በመጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። በኋላ ሲመረመር ግን ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ በፎገራም ተገኘ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፥ ከወባ ትንኝ የምታንስ በራሪ ናት። በዚያ የተደረገ ጥናት ሌሊት ከቤት ውጭ ማደርና ቀን በግራር ሥር መተኛት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። ካላዛር ካልታከመ በሽተኛውን ከሞት የሚያተርፈው እምብዛም ነው፤ በጊዜው ከታከመ ግን ይድናል።

ለዚህ በሽታ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ፤ የሚፈልገውም አንቲቦዲውን ነው። በ2006 ዓ.ም. የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያስረዳው፥ ምርመራው በሕንድና በአካባቢዋ ከ100 የካላዛር በሽተኞች 97 ያህሉን ሲለይ በምሥራቅ አፍሪካ የሚለየው 85 ያህሉን ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ከ100 በሽተኞች 15 ያህሉ በሽታው በሰውነታቸው ሳለ «ኔጋቲቭ» ሊባሉ ይችላሉ ማለት ነው።

ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች

አንደኛ፤ ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ ካተኮሰው፥ ከከሳና ጣፊያው አብጦ የሆዱ ግራ ጎን ከተነፋ፥ አንድ «ኔጋቲቭ» በቂ ማረጋገጫ አይደለም። ሐኪሙ ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ ናሙና ወስዶ ተሕዋሱን ራሱን መፈለግ ሊያስፈልገው ይችላል።

ሁለተኛ፤ ካላዛር ታክሞ የዳነ ልጅ አንቲቦዲው ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት በደሙ ይቈያል። ስለዚህ ልጁ ቀድሞ ታክሞ እንደ ሆነ ወላጅ ሳይደብቅ ይናገር።

ሦስተኛ፤ ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራም አንቲቦዲ ፈላጊ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ «ፖዘቲቭ» ቢል ያለፈ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፤ ኤችአይቪ በደሟ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን የእናቱን አንቲቦዲ ይዞ ይወለዳል። ስለዚህ 18 ወር ሳይሞላው በአንቲቦዲ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ቢባል ተይዟል ማለት አይደለም፤ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ይደረግለታል።

አምስተኛ፤ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሳንባ ነቀርሳ እያለበት በቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ ምንም ላያሳይ ይችላል።

የወላጅና የመምህር ተግባር

ወላጅ የምርመራ ወረቀቶችን ሳይጥል፥ ቀናቸውን እያስጻፈ፥ በአንድነት ያስቀምጥ። ለሐኪሙም ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፤ ምርመራው የፈለገው ተሕዋሱን ነው ወይስ አንቲቦዲውን? ውጤቱ በልጄ ላይ ከሚታየው ምልክት ጋር ይስማማልን? ትኩሳቱ ባይለቀው መቼ እንመለስ? ይህን መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም፤ መርዳት ነው። የወንዛዬ ፍል ውኃ ለደከመ ሰው ዕረፍት ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚያተኩሰውን ልጅ በዚያ እያቈዩ የሕክምናውን ጊዜ ማሳለፍ አይገባም።

መምህር ሆይ፥ የተማሪዎች ስም መጥሪያ በእጅዎ ነው። አንድ ተማሪ በትኩሳት ምክንያት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀረ፥ ወላጆቹ «ተመርምሮ ነጻ ነው ተብለናል» ቢሉም እንኳ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመልሱት፥ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል እንዲያስልኩት ይምከሯቸው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። ወረቀቱ ስለ ልጁ የሚሰጠው አንድ ምስክርነት ነው፤ የልጁ ሰውነት ደግሞ ሌላ ምስክር ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ እንደ ገና ማስመርመር ይገባል።