«ለትርፍ ያልተቋቋመ» ማለት ምን ማለት ነው?

በየመንገዱ ዳር ከምናያቸው የድርጅት ሰሌዳዎች አንዳንዶቹ ከስማቸው ሥር «ለትርፍ ያልተቋቋመ» የሚል ጽሑፍ አላቸው። ብዙዎቻችን ይህን ስናነብ ድርጅቱ ምንም የማይሸጥ፣ ገንዘብ የማይተርፈው፣ ሠራተኞቹም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ይመስለናል። በቅርቡ በአባላት ውይይት ላይ ይኸው አሳብ ተነሥቶ አከራክሮናል። በበዓል ቀን ከተሸጠው ካኔተራ ወጪው ተቀንሶ ጥቂት ገንዘብ ቀርቶ ነበርና አንዳንዶቻችን «እኛ ነጋዴ አይደለንም፤ መትረፍ አልነበረበትም» ስንል ሌሎቻችን ደግሞ «ተርፎ ከሆነ ሌሊት የደከሙት ይካፈሉት» አልን።

እንግዲህ አስቀድመን ቃሉን ራሱን እንመልከት። የተባለው «ትርፍ የሌለው» አይደለም፤ «ለትርፍ ያልተቋቋመ» ነው። ቃሉ የሚነግረን የተቋቋመበትን ምክንያት እንጂ በዓመቱ መጨረሻ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ገንዘብ መጠን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 404 ላይ ማኅበርን የሚተረጉመው ትርፍ ከማግኘት ወይም ከመከፋፈል ሌላ የሆነ ውጤት ለማግኘት በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች መካከል የሚደረግ ስብስብ ነው በማለት ነው። በአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ባለ አክሲዮኑ «ድርሻዬን» ብሎ መጠየቅ ይችላል። እዚህ ግን «ድርሻዬ» የሚባል ነገር የለም።

ለዚህ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም። ፉሪ በከተማችን ደቡብ ዳር ያለች ሰፈር ስትሆን በእንዲህ ያለ ዳርቻ አዲስ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ገና ጎረቤቱን ሳያውቅ የሚጠየቀው «እድር ገባህ ወይ?» ተብሎ ነው። እድርና እቁብ ሁለቱም ከአባላት ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ ሁለቱም ዳኛና ጸሐፊ አላቸው። ይሁን እንጂ እቁብተኛ ያዋጣውን ገንዘብ ዕጣው ሲወጣለት መልሶ ይወስደዋል፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። እድርተኛ ግን ሃያ ዓመት ከፍሎ በቤቱ ኀዘን ባይደርስ «የከፈልኩት ይመለስልኝ» አይልም። (እንዲህ የሚል ቢገኝ ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚመልሱለት መገመት አያዳግትም!) እድር ድንኳኑንና ወንበሩን አባል ላልሆነ ሰው ሊያከራይ፣ ለጥበቃውም ደመወዝ ሊከፍል ይችላል። ከኪራዩ የተገኘው ገንዘብ ድንኳን ለማደስ ወይም የኀዘንተኛን ክፍያ ለመጨመር እስከ ዋለ ድረስ እድርነቱ አልተነካም። ነገር ግን አባላቱ ተስማምተው የተጠራቀመውን ቢካፈሉት፣ ስሙ እድር ቢባልም በዚያች ቀን ሥራው ሌላ ሆኗል። የካኔተራው ገንዘብም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት ብለን እናምናለን፤ መትረፉ ነውር አይደለም፣ መከፋፈሉ ግን አይገባም።

ከሌላው ወገን ስናየው ገንዘብ የማያገኝ ድርጅት በጎ ሥራውን እንዴት ያቆየዋል? ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱ ጊዜ፣ ረኃብ ባጠቃው በወሎ ምድር ከሞተች እናቷ አጠገብ ያገኟትን ሕፃንና ሌላ አንድ ሕፃን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። በዚህም ምክንያት ትዳራቸውን ትተው ወጡ። በኋላ በስማቸው የተጠራው ማኅበር ከእርዳታ ሌላ የገቢ ማስገኛ ሥራዎችን ያካሄደው ልጆቹን ለማሳደግና ለማስተማር ነበር። እርሳቸው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉም ማኅበሩ እንደ ቤት እንደ ንብረት ለወራሽ የሚከፋፈል አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ለእነዚህ ድርጅቶች በንግድ ሥራ ገብተው ገቢ እንዲያገኙ ፈቅዷል፤ ሆኖም ገቢው ለዓላማቸው እንጂ ለአባላት ጥቅም እንዳይውል ከልክሏል። አስተዳደራዊ ወጪም ከጠቅላላ ገቢ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ትርፍን በግልጽ ማከፋፈል ሲከለከል በስውር የሚከፋፈልበት መንገድ ብዙ ነውና፤ የተጋነነ ደመወዝ፣ የማያልቅ አበል፣ የሥራ አመራሩ ዘመድ ቤት ከገበያ ዋጋ በላይ ለቢሮ መከራየት። ለተሠራ ሥራ ተገቢውን መክፈል አይነቀፍም፤ ሠራተኛውም እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ የደመወዝ ግብር ይከፍላል። ነገር ግን ክፍያው ከሥራው ጋር ሳይመዛዘን ሲቀር ያው ትርፍ ነው፣ ስሙ ብቻ ተለወጠ።

አዋጁ የሃይማኖት ተቋማትን፣ እድርንና እቁብን አይመለከትም። ስለዚህ በእኛ መካከል የሚጠብቀን የራሳችን መተዳደሪያ ደንብ፣ ደረሰኝና የሒሳብ መዝገብ ነው። በደንቡ ላይ «ክፍሉ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን ይሰጣል?» ለሚለው መልስ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አንዱ አጀንዳ እንዲሆን እናሳስባለን።