የቅንጦት መርከብ ጉዞ ዋጋ አመዛዘን

ማናቸውም አስመጪ የኤፍ.ኦ.ቢ. ዋጋን ከሲ.አይ.ኤፍ. ዋጋ ጋር በቀጥታ አያወዳድርም፤ የባሕር ማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ሒሳብ በአንደኛው እንደሌለ፣ በሁለተኛው ግን እንደተጨመረ ያውቃልና። ይኸው ነጋዴ ለዕረፍት በቅንጦት መርከብ ለመጓዝ ሲያስብ ግን በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የታተመውን ቁጥር ብቻ ተመልክቶ ሲዋዋል ይታያል።

ለምሳሌ ያህል ለ7 ሌሊት አንድ መርከብ 2,100 ዶላር፣ ሌላው 3,150 ዶላር ጠየቁ እንበል። በመጀመሪያው ላይ የአስተናጋጆች ጉርሻ 140፣ መጠጥ 490፣ የወደብ ክፍያ 200፣ በየወደቡ ወርዶ ለመጎብኘት 330 ዶላር ቢታከልበት ጠቅላላው 3,260 ይሆናል። ሁለተኛው ይህን ሁሉ አጠቃልሎ የያዘ ከሆነ ርካሹ እርሱ ነው። እርግጥ መጠጥ የማይቀምስ ሰው ሒሳቡን እንደገና መሥራት ይኖርበታል። ዋጋው የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ሲያድሩ ለእያንዳንዳቸው ስለሆነ፣ ብቻውን የሚሄድ እስከ እጥፍ ሊከፍል ይችላል።

ቅናሽ በብዛት የሚገኘው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው። ከዚህም ሌላ መርከቦች በኤፕሪል ገደማ ከካሪቢያን ወደ ሜዲትራንያን፣ በኦክቶበርና በኖቬምበርም ተመልሰው ሲሻገሩ፣ ባዶ ከመሄድ በአነስተኛ ዋጋ መንገደኛ ይጭናሉ። ሆኖም ጉዞው የአንድ አቅጣጫ ስለሆነ የአውሮፕላኑ ቲኬት ቅናሹን እንዳይበላው አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ቀብድ ከተከፈለ በኋላም ዋጋው ሊወርድ ይችላል። ቀሪው ሒሳብ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከመነሻው 90 ቀን ገደማ አስቀድሞ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ በአዲሱ ዋጋ እንዲስተካከል ወኪሉን ማሳሰብ ይቻላል፤ ቀኑ ካለፈ ግን ውሉን ማፍረስ መቀጫ ያስከትላል።