የአይሮፕላን ነጂዎች ሰዓት፤ ስለ ብራይትሊንግ ዓይነቶችና አጠቃቀማቸው

ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ የሚገዛም ሆነ የሚሸጥ ሰው፣ ዕቃው ምን ሥራ እንደሚሠራ ሳይረዳ ስለ ዋጋው ቢከራከር ትርፉ ድካም ነው። በእጅ ሰዓት ንግድ ይህ ጉድለት ጎልቶ ይታያል። የአይሮፕላን ነጂዎች ሰዓት ተብለው የሚጠሩት ሰዓቶች ገጻቸው በቁጥርና በመስመር የተሞላ ስለ ሆነ፣ ገዢው በብዛቱ ይደነቃል እንጂ እያንዳንዱ ለምን እንደ ተጻፈ አይጠይቅም፤ ሻጩም ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም። ስለዚህ ከእነዚህ ሰዓቶች መካከል በስዊስ አገር የሚሠራውን ብራይትሊንግን መርጠን ዓይነቶቹንና ጠባያቸውን እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድርጅቱን በ1884 በሴንት ኢሚየ ከተማ ያቋቋመው ሊዮን ብራይትሊንግ ሲሆን፣ በ1892 የሰዓት ሠሪዎች መናኸሪያ ወደ ሆነችው ወደ ላ ሾ ደ ፎን ተዛወረ። የድርጅቱ ዋና ሥራ ክሮኖግራፍ ነበር፤ ይኸውም ዘወትር ከሚቆጠረው ሰዓት ሌላ፣ አንድ ነገር ተጀምሮ እስኪፈጸም የወሰደውን ጊዜ ለብቻው የሚለካ ሰዓት ነው። በ1915 ልጁ ጋስቶን የማስጀመሪያውን አዝራር ከመሙያው ለይቶ በ2 ቁጥር አጠገብ አኖረው። በ1934፣ በልጅ ልጁ በዊሊ ዘመን፣ ወደ ዜሮ የሚመልሰው ሁለተኛ አዝራር በ4 ቁጥር አጠገብ ተጨመረ። ዛሬ በገበያ የሚታየው ክሮኖግራፍ አብዛኛው ይህንኑ አቀማመጥ የያዘ ነው። በ1938 ደግሞ በአይሮፕላን ውስጥ በነጂው ፊት የሚተከሉ ሰዓቶችን የሚሠራ ልዩ ክፍል ተከፈተ። ስሙም «ዊት» ተባለ፤ ትርጓሜው በፈረንሳይኛ ስምንት ነው፤ ሰዓቶቹ አንድ ጊዜ ከተሞሉ ስምንት ቀን ይሠሩ ነበርና።

ከዓይነቶቹ ሁሉ የታወቀው ናቪታይመር ነው። በ1952 የአሜሪካ የአይሮፕላን ባለቤቶችና ነጂዎች ማኅበር ለአባሎቹ የሚሆን ሰዓት በመፈለጉ ተነደፈ። የዚህን ሰዓት ገጽ ማንበብ የቻለ ሰው ሌሎቹን ለማንበብ አይቸገርም።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እንናገር። በመካከል ያለው ረጅሙ ቀጭን ቆጣሪ ዘወትር የሚዞር የሰከንድ ቆጣሪ አይደለም፤ የክሮኖግራፉ ነው፤ ስለዚህ አዝራሩ ካልተጫነ ቆሞ ይኖራል። ይህን ያላወቀ ገዢ ሰዓቱ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል፤ ያላወቀ ሻጭም ተከራክሮ ማስረዳት ያቅተዋል። ዛሬ በሚሠራው የናቪታይመር ክሮኖግራፍ ዘወትር የሚዞረው ሰከንድ በ9 ቁጥር በኩል ባለችው ትንሽ ክብ ውስጥ ነው። በ3 በኩል ያለችው ክብ እስከ 30 ደቂቃ፣ በ6 በኩል ያለችው እስከ 12 ሰዓት የተለካውን ጊዜ ትቆጥራለች።

ቀጥሎ የሚመጣው በዙሪያው ያለው ባለ ሁለት ረድፍ የቁጥር ቀለበት ነው። የውጭው ረድፍ በእጅ ሲዞር ይዞራል፤ የውስጡ አይንቀሳቀስም። ይህ መሐንዲሶች ይሠሩበት የነበረው ስላይድ ሩል የተባለው ማስሊያ በክብ መልክ የተሠራ ነው። ቁጥሮቹ በእኩል ርቀት አልተጻፉም፤ ከ10 ወደ 90 በሄዱ መጠን እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። በዚህም ምክንያት ቀለበቱ በማናቸውም ቦታ ቢቆም፣ ትይዩ የሆኑት የውጭና የውስጥ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ያላቸው ንጽጽር በዙሪያው ሁሉ አንድ ነው። የማስሊያው ምሥጢር ይህ ብቻ ነው።

ለምሳሌ አይሮፕላን ነጂው በ40 ደቂቃ 120 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ የውጭውን 12 ከውስጡ 40 ጋር ያገጥማል፤ ከዚያ በውስጡ 60 ትይዩ ያለውን የውጭ ቁጥር ያነባል። እርሱም 18 ነው፤ ይኸውም በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሞተሩ በሰዓት 90 ሊትር ነዳጅ የሚፈጅ ከሆነ፣ የውጭውን 90 ከውስጡ 60 ጋር ቢያገጥም፣ በ20 ደቂቃ ትይዩ 30 ሊትርን ያገኛል። ወረቀትና እርሳስ ሳያስፈልገው በአንድ እጁ የሚሠራው ሒሳብ ነው።

አሁን ይህንኑ ወደ መደብራችን እናምጣው። አንድ ነጋዴ በገዛበት ዋጋ ላይ 25 ከመቶ ጨምሮ ለመሸጥ ቢፈልግ፣ የውጭውን 12 ተኩል ከውስጡ 10 ጋር ያገጥም። ከዚህ በኋላ ቀለበቱን መንካት አያስፈልገውም። የውስጡ ረድፍ የመግዣ ዋጋ፣ የውጭው የመሸጫ ዋጋ ይሆንለታል፤ በ24 ትይዩ 30፣ በ32 ትይዩ 40፣ በ64 ትይዩ 80 ብርን ያነባል። የዋጋ ዝርዝር በመጻፍ ለምንውል ጸሐፊዎች ይህ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። የውጭ አገር ገንዘብን ለመመንዘርም እንዲሁ የዕለቱን ምንዛሪ አንድ ጊዜ ማገጠም ይበቃል። ነገር ግን መሣሪያው ነጥቡን አያውቅም፤ 18 ያለው 18 ይሁን 180 ወይም 1,800 መለየት የአስሊው ፈንታ ነው። ሦስተኛውም አኃዝ በግምት ስለሚነበብ፣ ዋጋ ለመገመት ይጠቅማል እንጂ ለሒሳብ መዝገብ አይሆንም።

ይኸው ቀለበት ለገዢው ሌላ ጥቅም አለው። የውጭውን 10 ከውስጡ 10 ጋር አገጣጥሞ ዙሪያውን ቢመለከት፣ 20 ከ20፣ 40 ከ40፣ 60 ከ60 ጋር በትክክል መግጠም አለባቸው። ለጌጥ ያህል ብቻ ቁጥር በታተመበት የሐሰት ሰዓት ላይ መስመሮቹ ሊዛነፉ፣ ትናንሾቹ ክቦችም አዝራር ሲጫን ምንም ሳይቆጥሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ይህን ፈተና የወደቀ ሰዓት ሊገዛ አይገባውም። ያለፈው ግን በዚሁ ብቻ እውነተኛ ነው አይባልም፤ ተጠንቅቀው የሚሠሩ አስመሳዮች አሉና የመለያ ቁጥሩና የዋስትናው ወረቀት መመሳከር አለባቸው።

ከናቪታይመር የወጣው ኮስሞኖት የተባለው ሰዓት ነው። የአሜሪካው ጠፈርተኛ ስኮት ካርፔንተር ሜይ 24 ቀን 1962 በአውሮራ 7 መንኮራኩር ምድርን ሦስት ጊዜ ሲዞር ይህን ዓይነት ሰዓት በእጁ አሥሮ ነበር። በጠፈር ቀኑና ሌሊቱ ስለማይለይ፣ ገጹ በ12 ፈንታ በ24 እንዲከፈል የጠየቀው እርሱ ነው። ከባሕር ላይ በወረደ ጊዜ ግን ሰዓቱ ውሃ ገብቶበት ተበላሸ። በዚህ ሰዓት ላይ የእኛ አገር ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በተሞላ ተራ ሰዓት ላይ የቆጣሪውን ተቃራኒ አይተን የራሳችንን ሰዓት ማንበብ ለምደናል፤ ስድስት ሰዓት የክቡ እኩሌታ ነውና። በኮስሞኖት ላይ ግን ስድስት ሰዓት የክቡ ሩብ ብቻ ነው። ጧት በሦስት ሰዓት ቆጣሪው 9 ላይ ይሆናል፤ ተቃራኒው ደግሞ 21 ነው። በለመደው ዓይን የሚያነብ ሰው ቀጠሮውን ያበላሻል።

የውሃ ነገር ከተነሣ፣ በናቪታይመር ክሮኖግራፍ ላይ የሚሰጠው 30 ሜትር የሚለው ቁጥር ባለቤቱን ያሳስተዋል። ቁጥሩ ሰዓቱ በፋብሪካ የተፈተነበትን ግፊት ያመለክታል እንጂ ይዘውት ይዋኙ ማለት አይደለም፤ ዝናብና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይችላል ማለት ነው። ዋናተኛ የሆነ ሰው በ1957 የወጣውን ሱፐርኦሽንን፣ ወይም እስከ 300 ሜትር የተፈተነውን አቬንጀርን ቢመርጥ ይሻለዋል። ክሮኖማት የተባለው ደግሞ ሁለት ታሪክ አለው። በ1940ዎቹ የማስሊያ ቀለበት ያለው ሰዓት ነበር፤ በ1984 ግን ለኢጣሊያ አየር ኃይል የበረራ ትርኢት ቡድን በሌላ መልክ ተሠራ። በጠርዙ ላይ ብቅ ያሉት አራት ጉብታዎች መስተዋቱን ከግጭት ይጠብቃሉ። ለዕለት ሥራ የሚሆን ሰዓት ለሚፈልግ ሰው ከናቪታይመር ይልቅ ይህን ብንመክር አንሳሳትም።

ስለ ትክክለኛነቱም ሐቁን መናገር ይገባል። ድርጅቱ በ1999 ሰዓቶቹን ሁሉ ለስዊስ የክሮኖሜትር መመርመሪያ ድርጅት ለማስፈተን ወሰነ። ፈተናው ለቆጣሪ ሰዓቶች 15 ቀን ይወስዳል፤ በአምስት አቀማመጥና በሦስት የሙቀት ደረጃ ይደረጋል። የሚፈቀደው ስሕተት በቀን በአማካይ 4 ሰከንድ ወደ ኋላ ወይም 6 ሰከንድ ወደ ፊት ነው። እንግዲህ ፈተናውን ያለፈ ሰዓት በወር እስከ ሦስት ደቂቃ ሊቀድም ይችላል ማለት ነው። በርካሽ የሚገዛ የባትሪ ሰዓት እንኳ ከዚህ ያነሰ ይሳሳታል። ስለዚህ ከፍ ያለው ዋጋ የሚከፈለው ለትክክለኛነቱ ብቻ ነው ብሎ ለደንበኛ መንገር አግባብ አይደለም። ዋጋው የሚከፈለው ለሥራው ጥራት፣ ለስሙና ለውስጥ ሞተሩ ነው። ከ2009 ጀምሮ ድርጅቱ ቢ 01 የተባለውን የራሱን ሞተር ይሠራል፤ ይህም ከተሞላ በኋላ 70 ሰዓት ያህል ስለሚሄድ፣ ዓርብ ማታ ያወለቁት ሰው ሰኞ ጧት ሳይቆም ያገኙታል።

አገልግሎት ላይ የዋለ ሰዓት ለሚገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በ1995 የወጣው ኢመርጀንሲ የተባለው ሰዓት፣ አይሮፕላኑ ወድቆ ነጂው ቢተርፍ በ121.5 ሜጋኸርዝ የድረሱልኝ ምልክት የሚያስተላልፍ ትንሽ ራዲዮ በውስጡ አለው። ነገር ግን ሳተላይቶች ይህን ሞገድ ማዳመጥ በፌብሩዋሪ 2009 አቁመዋል። በ2013 የወጣው ሁለተኛው ኢመርጀንሲ ሳተላይቶች የሚያዳምጡትን የ406 ሜጋኸርዝ ሞገድ ጨምሮ ይዟል። የፊተኛውን «በየትም ቦታ ነፍስ ያድናል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥም፣ ሰዓቱ የትኛው እንደ ሆነና የራዲዮው ባትሪ መቼ እንደ ተለወጠ በጽሑፍ እንዲያስረዳ መጠየቅ ያስፈልጋል።