«እርጅና ነው» ብለን የምንተወው በሽታ

መጀመሪያ እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ ሞ-ራ፤ ግር-ዶ-ሽ፤ ግ-ፊ-ት፤ ዝ-ሆ-ኔ።

በየቤታችን ዕድሜያቸው የገፋ እናትና አባት አሉ። ቁጥራቸውም እየበዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ2030 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሆነዋል። እኛ ግን ዓይናቸው ሲደበዝዝ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?» እንላለን። እኔም ብዬ ነበር። አያቴ ከእንሰቱ ጓሮ ወደ ቤት የሚመለሱት የልጅ እጅ ይዘው ነበር። ሦስት ዓመት እንዲያ ኖሩ። በኋላ ሶዶ ስንወስዳቸው የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑ ተነገረን።

በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ ሌንስ አለ። ሰው ሲያረጅ ይህ ሌንስ ይደፈርሳል። የዳሞታን ተራራ ጉም ሲሸፍነው እንደምናየው ማለት ነው። ጠብታ አያጠራውም። ቅጠል ጨምቆ ማድረግማ ዓይኑን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ሥራው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። አያቴ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት የኔን ጫማ ነው። «ይሄ ሁሉ ጭቃ ምንድነው?» ብለው ተቆጡኝ። እንደዚያ ቀን ቁጣ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የደም ግፊት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሕመም ሳያሰማ ቆይቶ በድንገት ግማሽ አካልን ያሽመደምዳል። በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ይለካል። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ክኒኑን ያቆማል፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የተሻለው ክኒኑን ስለዋጠ ነው። ጨውም ይቀነስ።

ዝሆኔን በወላይታ የማያውቅ የለም። በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል።

«ገንዘቡስ?» ትሉ ይሆናል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ዳሞት ወይዴ አንዱ ነበር። አባል የሆነ ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። የአረጋውያን ወላጆቻችሁ ስም በደብተሩ ላይ መጻፉን ራሳችሁ አንብባችሁ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦
ሀ. በቤታችሁ ያሉ አረጋዊ ግፊታቸውን መቼ ተለኩ?
ለ. ማታ መንገድ የሚጠፋባቸው ጎረቤት አሉ? ማን ይውሰዳቸው?