ለውድድር የሚሆን ደብል አክሽን ሽጉጥ አመራረጥ

በተኩስ ክበብ የተመዘገቡ ጓዶች ዘወትር የሚጠይቁን «የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?» እያሉ ነው። እኛ በቅድሚያ መመርመር ያለበት የመጀመሪያው ጥይት ነው እንላለን።

የደብል አክሽን ቃታ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም መዶሻውን ወጥሮ ይለቀዋል። ስለሆነም የመጀመሪያው ስበት ረጅምና ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሽጉጡ በተኮሰ ቁጥር መዶሻውን ራሱ ስለሚወጥር ስበቱ አጭርና ቀላል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን በፕሮዳክሽን ምድብ እንዲህ ያለውን ሽጉጥ የያዘ ተወዳዳሪ መዶሻውን አውርዶ እንዲጀምር ያዛል። ታዲያ እንዴት ይወርዳል?

ሲዜድ 75 በመጀመሪያው ሞዴሉ ማውረጃ የለውም። ጥይት እንደጎረሰ መዶሻውን በአውራ ጣት ይዞ፣ ቃታውን ስቦ፣ ቀስ አድርጎ መመለስ ግድ ነው። ጣት ካዳለጠ ጥይቱ ይወጣል፤ ተኳሹም ከውድድሩ ይባረራል። አፈሙዙ ከአፈር ግድቡ ንቅንቅ እንዳይል የምንወተውተው ለዚህ ነው። ሲዜድ 75 ቢዲ ማውረጃ ስላለው ለጀማሪ እሱን እንመርጣለን። በረታ 92ኤፍኤስም ማውረጃ አለው፤ ነገር ግን ማውረጃው ወደ ቦታው ካልተመለሰ በመነሻው ድምፅ ጊዜ ቃታው በከንቱ ይሳባል። እጀታውም ወፍራም ነው፤ ጣቱ አጭር ለሆነ ሰው አይመችም።

ከመግዛታችሁ በፊት ከክበቡ ተውሳችሁ ሞክሩ። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡና መዶሻው እንደወረደ ቃታውን እስከ መጨረሻው ሳቡ። የፊት ማነጣጠሪያው ከተናወጠ ወይም ቃታው ላይ ለመድረስ አያያዛችሁን ማዞር ካስፈለገ፣ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።