የተሸጠው ግንብ የማን ነበር?

ባለፈው ሰሚስተር ከጀማዓችን ሁለት ወንድሞች ተኳርፈው ሰነበቱ። ሰበቡ የስልክ ጨዋታ ነበር። አንደኛው የክላሽ ኦፍ ክላንስ አካውንት ለሌላው በ3,500 ብር ሸጠለት። ጨዋታውን ለማታውቁት፣ መንደር ትገነባላችሁ፣ በግንብ ታጥራላችሁ፣ ከዚያ ጎሳ መሥርታችሁ በድራጎንና በግዙፋን ጦር የሌላውን ግንብ ታፈርሳላችሁ። መንደሩን ከፍተኛው ደረጃ ለማድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዋጋ የሚያወጣውም ለዚህ ነው። ገዢው ሁለት ወር ተጫወተበት። አንድ ቀን ሱብሒ ሰግዶ ስልኩን ሲከፍት አካውንቱ የለም። ለካ ሻጩም ከሌላ ሰው ነው የገዛው፤ የመጀመሪያው ሰው በኢሜይሉ በኩል መልሶ ወስዶታል። ገዢው "ብሬን መልስ" ይላል፣ ሻጩ "እኔም ተታልያለሁ" ይላል። ሁለቱም ከእኛ ጋር አንድ ሶፍ ላይ የሚቆሙ ናቸው።

ነገሩን ይዘን ከኡስታዛችን ጋር ኪታብ ገለጥን። ጨዋታው ራሱ፣ በውስጡ ያለው ድግምትና የሚበላው ጊዜ ሌላ ደርስ ይፈልጋል። እዚህ የምናየው ሽያጩን ብቻ ነው።

መድረሳ የቀራን ሁሉ የሽያጭን መስፈርቶች እናስታውሳለን። የሚሸጠው ነገር የሻጩ ንብረት መሆን ወይም ሻጩ የመሸጥ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ የተፈቀደ ጥቅም ያለው፣ የሚታወቅና ለገዢው ሊረከብ የሚችል መሆንም አለበት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሐኪም ኢብኑ ሒዛምን እሱ ዘንድ የሌለውን እንዳይሸጥ መከልከላቸው በሐዲስ ተዘግቧል።

በቀላሉ እንጀምር፤ በዲስክ። ዋርሃመር ኦንላይን የሚባል ጨዋታ ነበር፤ ብዙ ሰው በኢንተርኔት ተገናኝቶ ግንብ የሚከብበት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 ወጣ፣ ሰርቨሩ ደግሞ በዲሴምበር 18 ቀን 2013 ተዘጋ። ዲስኩን የገዛ ሰው ዲስኩ የራሱ ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግም በሕጋዊ መንገድ የተገዛን ቅጂ ባለቤቱ መልሶ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ችግሩ የጨዋታው ሕይወት ያለው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ኩባንያው ሰርቨር ላይ መሆኑ ነው። ዲስክ ማለት የበር ቁልፍ ነው፤ ቤቱ ፈርሷል። ሳጥኑን ለማስታወሻ የሚፈልግ ሰው አይቶና አውቆ ቢገዛ አንድ ነገር ነው። ለማያውቅ ልጅ "ጨዋታ ነው" ብሎ መሸጥ ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ካዩት የእህል ክምር ጋር አንድ ነው። እጃቸውን ሲያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙትና ባለቤቱ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት።

አካውንት ከዲስክ ይከብዳል፣ ምክንያቱም በእጅ የሚያዝ ነገር የለም። የክላሽ ኦፍ ክላንስ አሠሪ የፊንላንዱ ሱፐርሴል በአገልግሎት ውሉ ላይ ለተጫዋቹ የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ እንደሆነ፣ አካውንትም መሸጥም ሆነ ማስተላለፍ እንደማይቻል አስፍሯል። ይህን ሁላችንም ሳናነብ "እስማማለሁ" ብለን ነክተነዋል። ሙስሊም በተስማማበት ውል ይታሰራል፤ አለማንበባችን ከውሉ አያወጣንም። (የካሊፎርኒያ ግዛት ሳይቀር ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ ድርጅቶች የሚሰጡት ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገሩ "ግዛ" የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ በሕግ ከልክሏል። ቃሉ ብዙ ሰው አሳስቷል ማለት ነው።)

"ብር ከፍዬበታለሁ፣ ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ፣ እንዴት የኔ አይሆንም?" የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። ሻጩም ያለው ይህንኑ ነበር። መልሱን ያገኘነው በ684 ዓ.ሂ. ከሞቱት ከማሊኪው ዓሊም ከአል-ቀራፊ ነው። አል-ፉሩቅ በተባለው ኪታባቸው ሁለት ነገሮችን ይለያሉ። አንዱ የጥቅሙ ባለቤት መሆን ነው፤ ቤት የተከራየ ሰው የመኖር ጥቅሙን ስለያዘ ለሌላ ሊያስተላልፈው ይችላል። ሌላው ራስ ብቻ እንዲጠቀም መፈቀድ ነው። ለዚህኛው ያመጡት ምሳሌ ደግሞ የመድረሳ ተማሪ ማደሪያ ነው! ተማሪው ይኖርበታል እንጂ አያከራየውም።

እኛ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከየት እናመጣለን? የዶርም አልጋችን ያው ነው። ኮስት ሼሪንግ ፈርመናል፣ ዕዳው ይጠብቀናል፣ እና ከፋዮች ነን። ሆኖም አልጋውን ለከተማ ሰው ሸጦ የሚሄድ ተማሪ አላየንም። መክፈል ብቻውን ባለቤት አያደርግም፤ የሚለየው የተከፈለው ለምን እንደሆነ ነው።

አንድ ወንድም የኮሪያን ነገር አነሳ። ኤንሲሶፍት በ1998 ባወጣው ሊኒጅ ውስጥ ጎሳዎች ለግንብ ይዋጋሉ፣ ያሸነፈው ግብር ይሰበስባል፤ የጨዋታው ገንዘብ አደን በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጥ ነበር። ይህን የነገዱ ሁለት ሰዎች ተከሰው በ2010 ዋዜማ የደቡብ ኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጻ ብሏቸዋል። ትክክል ነው፣ ግን ወንጀል አይደለም ማለትና ውሉ ፈቅዷል ማለት አንድ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም በ1988 ኩዌት ላይ የደራሲና የፈጣሪ መብት ዋጋ ያለው የተጠበቀ መብት ነው ብሏል። በእጅ አለመያዙ ብቻ አንድን ነገር ዋጋ አያሳጣውም፤ ይሁን እንጂ ይኸው ውሳኔ የሠሪውንም መብት ይጠብቃል። እንግዲህ መሸጥን ራሱ ሠሪው የፈቀደበት ጨዋታ ካለ ፍርዱ ሌላ ይሆናል።

ወደ ወንድሞቻችን እንመለስ። የተሸጠ ዕቃ የሌላ ሰው ሆኖ ከተገኘና ከገዢው ከተወሰደ፣ ገዢው ዋጋውን ከሻጩ ይጠይቃል። ሻጩ መታለሉ ገዢውን አያስከፍለውም፤ እሱም በተራው ወደ ሸጠለት ሰው ይሄዳል። "ሁለት ወር ተጫውቶበት የለ?" ብሎ ሻጩ የኪራይ ያህል እንዲቀነስለት ጠይቆ ነበር። ኡስታዛችን ሊያከራየው የማይችለውን ነገር ኪራይ በምን ሂሳብ ይጠይቃል አሉት፤ ሳቀና ተወው።

ቀሪ አንድ ጥያቄ አለ፤ አካውንቱን ለታናሽ ወንድም በስጦታ መስጠትስ? በአል-ቀራፊ አካሄድ ስጦታም ማስተላለፍ ነው፣ ስለዚህ ያው ነው። የመድረሳው ተማሪ እንግዳ ለጥቂት ቀን ማሳደሩን ግን ልማዱ ስለሚፈቅደው ችግር አላዩበትም። ታናሽ ወንድም በእረፍት ቀን በስልካችሁ ቢጫወት ከዚህ የሚቆጠር ይመስለናል።

ሻጩ 2,000 ብሩን በጀማዓው ፊት መልሷል። ቀሪውን 1,500 በሁለት ጊዜ ለመክፈል ተጽፎ ሁለት ምስክር ፈርሞበታል፤ የመጀመሪያው ተከፍሏል፣ ሁለተኛው ከፋይናል ፈተና በኋላ ነው።

ወላሁ አዕለም።